የመርካቶ ጨዋታ፤ ስለ ሙያ፣ ስለ መንገድና ስለ መልካም መጠጥ

መግቢያ

የአንድን ከተማ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ዐዋጁን፣ ደብዳቤውንና በመዝገብ ቤት የተቀመጠውን ወረቀት ነው። ሰዎች የቀን ሥራቸውን ጨርሰው በአንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ የሚጫወቱት ጨዋታ ግን በወረቀት ስለማይሰፍር ከታሪክ ጸሐፊ ዐይን ይሰወራል። ይልቁንም ጨዋታው የተደረገው በመጠጥ ቤት እንደ ሆነ የሥራ ፈቶች ወሬ ነው ተብሎ ይናቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ ይደረግ የነበረው፣ ዛሬም በሌላ መልክ የሚደረገው ጨዋታ፣ ለነጋዴውና ለእጅ ባለሙያው ኑሮ ምን እንደ ሠራ መመርመር ነው።

ስለ እቁብ፣ ስለ እድርና ስለ ማኅበር ብዙ ተጽፏል። እነዚህ ሦስቱ የታወቀ ሥርዓት አላቸው፤ እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ እድር መዋጮና ቅጣት አለው፤ ማኅበርም የጻድቁ ወይም የመልአኩ ቀን እየተቈጠረ ተራ በተራ ይደገሳል። ስለዚህ ለጥናት የተመቹ ናቸው። እኛ የምንናገርለት ስብሰባ ግን ዳኛ የለውም፤ ስም የለውም፤ የሚመጣውም የሚቀረውም በፈቃዱ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚወዱ ወይም አንድ ዓይነት መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ይገናኛሉ፤ ስለ ሙያቸው፣ ስላዩት አገርና ስለ ያዙት መጠጥ ይጫወታሉ፤ ከዚያም ይለያያሉ። በሥርዓት ያልታሰረ በመሆኑ ምንም ያልሠራ ይመስላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር የተጻፈው ተለይቶ ይነገራል።

፩. ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ዋናው ገበያዋ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከጅማ ቡና፣ ከጎጃም ማርና ሰም፣ ከሌላውም አገር ዝባድና ቈዳ ጭኖ ይመጣ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የባሕር ማዶው ዕቃ በብዛትና በፍጥነት መግባት ጀመረ፤ የገበያውም ሰው በዓይነት በዛ።

ኢጣልያውያን በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዙ በኋላ በዘር የተለየ ፕላን አወጡ። አራዳን ለነጮች መደብ አድርገው የአገሩን ተወላጅ ገበያ ወደ ምዕራብ አራቁት፤ ስሙንም በቋንቋቸው የተወላጆች ገበያ ማለት መርካቶ ኢንዲጄኖ አሉት። በዙሪያው የተመሠረተው ሰፈር አዲስ ከተማ ተባለ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት በተመለሰ ጊዜ ገበያው ወደ ቀድሞው ስፍራ አልተመለሰም። «የተወላጆች» የሚለው ቅጽል ተትቶ መርካቶ የሚለው ብቻውን ቀረ። ሰውን ከሰው ለመለየት የተሠራው ስፍራ ከጊዜ በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ የሚገናኝበት ዋና አደባባይ ሆነ።

ገበያው በተራ የተከፈለ ነው። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ እየተባለ ስሙ ሥራውን ይናገራል። የተራው አሠራር ለጨዋታ የተመቸ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጐን ለጐን ስለሚውሉ ባላንጣም ጎረቤትም ናቸው፤ ቀን በደንበኛ ይሻማሉ፤ ማታ በአንድ አግዳሚ ይቀመጣሉ። ቀን የተደበቀው ዋጋ ማታ በጨዋታ መካከል ይገለጣል። የአንዱ ዕቃ እንደ ረከሰ፣ የአንዱ መኪና በመንገድ እንደ ቆመ፣ የትኛው ገዥ ዱቤውን እንደማይከፍል የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

፪. ቤቶቹ

በቀድሞ ዘመን ጠጅ በይበልጥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ሕዝቡ የሚጠጣው ጠላ ነው። ከተማ ሲሰፋ ግን ጠጅም እንደ ጠላው የሚሸጥ ሆነ። የጠላ ቤት ምልክቱ በደጅ በተተከለ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ነው፤ ጽሕፈት የማያውቅ መንገደኛ ሳይጠይቅ ይገባል። በውስጡ አግዳሚዎችና ዱካዎች በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራሉ። ይህ አቀማመጥ ትርጕም አለው፤ እንግዳው ለብቻው ጠረጴዛ ስለሌለው ሳይወድ በጨዋታው ውስጥ ይገባል።

የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ባል የሞተባት፣ የፈታች ወይም ከገጠር ብቻዋን የመጣች ሴት ሌላ ሙያና መነሻ ገንዘብ ባይኖራት እንኳ መጥመቅ ታውቃለች። ደንበኛው «እትዬ» እያለ ይጠራታል፤ በዕድሜ የገፋች እንደ ሆነች «እማማ» ይላታል። ዱቤ የምትሰጠው እርስዋ ናትና የማንን ቃል ማመን እንደሚገባ ከሁሉ ይልቅ ታውቃለች። ከአገር ቤት የመጣ መልእክት፣ ለሌላ የሚደርስ አደራ ዕቃ ከእርስዋ ዘንድ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጠጥ ቤቱን ጨዋታ የወንዶች ጨዋታ ብቻ አድርጎ የሚያይ ተመራማሪ ጨዋታውን የያዘችውን ምሰሶ ሳያይ ይቀራል።

በቤቱ ውስጥ የክብር ሥርዓት አይጠፋም፤ መልኩን ግን ይለውጣል። ሽማግሌው «ጋሼ» ይባላል፤ አንቱ ይባላል፤ ቦታም ይለቀቅለታል። ነገር ግን ከአገሩ ሲነጋገር ቃሉን ለመቃወም የማይደፍረው ወጣት እዚህ «ጋሼ፣ እኔ ያየሁት እንዲህ ነው» ብሎ ሊናገር ይችላል። በጨዋታው የሚከበረው ወደ ሩቅ የሄደና በእጁ የሠራ ሰው ነው፤ ትውልዱ ሁለተኛ ይመጣል።

፫. ስለ ሙያ

ወደ መርካቶ የሚመጣው ወጣት፣ በተለይ ከጉራጌ አገር የሚመጣው፣ የሚሄድበት የታወቀ መሰላል ነበረው። መጀመሪያ ሊስትሮ ይሆናል፤ ጥቂት ሲያጠራቅም ሱቅ በደረቴ ያነግታል፤ ቀጥሎ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል ወይም ከመንገድ ዳር ጕልት ይይዛል፤ ዕድል የቀናው የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ይህ መሰላል በትምህርት ቤት አልተጻፈም። ከየትኛው ደረጃ ወደ የትኛው መቼ መሻገር እንደሚገባ ወጣቱ የሚማረው ከእርሱ በፊት የወጡት ሲጫወቱ በመስማት ነው።

የጨዋታው ዋና ፍሬ ነገር ስለ ትርፍ የሚነገረው አይደለም፤ ስለ ክስረት የሚነገረው ነው። ትርፉን ሁሉም ይሸሽጋል፤ ምቀኛ አለና። ክስረት ግን ጊዜ ካለፈበት በኋላ እንደ ጀግንነት ይተረካል። ዝናብ የመታው ጨው፣ ነቀዝ የበላው እህል፣ ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘ ብር፣ ገንዘብ ተቀብሎ የጠፋ ደላላ እየተነሣ ይሣቃል። ሣቁ ለተናጋሪው ማጽናኛ ነው፤ ለሰሚው ግን ያለ ዋጋ የተሰጠ ትምህርት ነው። አንድ ሰው የከሰረበትን ነገር ዐሥር ሰዎች ሳይከስሩ ይማሩታል።

በምናለሽ ተራና በጎማ ተራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጨዋታ አለ። በዚያ ያረጀ ጎማ ጫማና ገመድ ይሆናል፤ በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃ፣ ባልዲና መጥበሻ ይሆናል፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ ሰብስቦ ያመጣው ስብርባሪ ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። የእነዚህ ባለሙያዎች ወሬ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ብልሃት ነው። የትኛው ብረት ሲቀጠቀጥ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው የማሽን ክፍል ለሌላ ሥራ እንደሚውል ይከራከራሉ። በዚህ ክርክር ለገንዘብ ከሚደረገው ድካም ይልቅ ዕውቀትን ለማሳየትና ነገሩን ራሱን ለመረዳት ያለው ፍቅር ይታያል። የሙያ ምስጢር የሚባለው ነገር በአገራችን በጥብቅ የሚጠበቅ ሆኖ ሳለ በጨዋታ መካከል የሚሾልከው፣ ዐዋቂ መሆንን ሳይናገሩ ማሳየት ስለማይቻል ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በለንደን ከተማ በ1680ዎቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ከፍቶ ነበር። የመርከብ አዛዦች፣ ባለመርከቦችና ነጋዴዎች እየተሰበሰቡ የትኛው መርከብ እንደ ደረሰ፣ የትኛው እንደ ሰጠመ ይጫወቱበት ነበር። ከዚያ ወሬ የተነሣ በዓለም የታወቀው የሎይድ የመድን ገበያ ተወለደ። በቅርቡም ዘመን በመጋቢት ወር 1975 በፈረንጅ አቈጣጠር በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ስፍራ፣ በአንድ ሰው የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ጥቂት የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ተሰበሰቡ። ማኅበራቸውን «ሆምብሩ» አሉት፤ ትርጕሙ በቤት የተጠመቀ ማለት ነው፤ እኛ ጠላ ብንለው የምንሳሳት አይመስለኝም። ከስብሰባው በኋላ ወደ አንድ መጠጥ ቤት እየሄዱ ጨዋታውን ይቀጥሉ ነበር። ስቲቭ ዎዝኒያክ የመጀመሪያውን የአፕል ኮምፒዩተር ያሳየው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሁለቱ ምሳሌዎች በዘመንና በአገር እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ ሥርዓት ያለው ድርጅት ከመምጣቱ በፊት ሥርዓት የሌለው ጨዋታ ይቀድማል።

፬. ስለ መንገድ

መርካቶ የጉዞ መናኸሪያም ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄዱት አውቶቡሶች ዋና መነሻ የነበረው አውቶቡስ ተራ በዚሁ አጠገብ ነው። የእህል መኪናዎችም በእህል በረንዳ ያራግፉ ነበር። ሾፌር፣ ረዳትና ተሳፋሪ ነጋዴ ሌሊት ደርሰው እስኪነጋ የሚቈዩባቸው ቤቶች በዙሪያው በዙ። የሾፌር ወሬ ከሁሉ ይልቅ ይደመጣል፤ ድልድይ የወሰደውን ወንዝ፣ ኬላ ያለበትን ቦታ፣ ሽፍታ የወጣበትን ቈላ የሚያውቅ እርሱ ነውና።

የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዶች እየተጠገኑና እየረዘሙ ሄዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አድርጎ ነበር። ነገር ግን የመርካቶ ሰው ለረጅም ዘመን አገሩን ያወቀው በካርታ አይደለም፤ ከጨዋታ ነው። ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይነገርም፤ «ጠዋት ተነሥተህ ምሳህን የምትበላበት»፣ «ሌሊቱን የምታድርበት» እየተባለ ይነገራል። ይህ አነጋገር የመንገዱን ክፋት፣ የወቅቱን ዝናብና የማረፊያውን ቤት በአንድ ቃል ይዟልና ከቍጥሩ ይልቅ ለነጋዴው የሚጠቅም ነው።

ከመንገድ ጨዋታ ምን ሊወለድ እንደሚችል የሚያሳይ ታላቅ ምሳሌ በ1950ዎቹ ዓመታት ታይቷል። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ አብዛኞቹም የመርካቶ ነጋዴዎች የነበሩ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ እስላሙ ለዐረፋ በየዓመቱ ወደ አገራቸው ይገቡ ነበር። ከዋናው መንገድ ወርደው ቀሪውን በእግርና በበቅሎ መሄዳቸው የሁሉም ምሬት ነበር። በየበዓሉ ማግሥት የሚነሣው ወሬ ይኸው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ያ የተበተነ ምሬት በኋላ መዋጮ ሆነ፤ መዋጮውም የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅትን አስነሣ። ድርጅቱ ከተወላጆች በተሰበሰበ ገንዘብና በመንግሥት ርዳታ ወረዳዎቹን ከዋናው ጐዳና ጋር የሚያገናኙ መንገዶችን አሠራ። መዋጮውን የሰበሰበው ሥርዓት ያለው ኮሚቴ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለማያውቀው ኮሚቴ ገንዘቡን አይሰጥም። መተማመኑ አስቀድሞ በእድር ድንኳን፣ በሱቅ ደጃፍና በመጠጥ ቤት አግዳሚ ላይ ተሠርቶ ስለ ቈየ ኮሚቴው የተዘጋጀ መሬት አገኘ።

የመንገዱ ወሬ በጊዜው ታሪክ ይለዋወጣል። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ሾፌሩ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአሰብ ሙቀት የቀድሞ ሾፌሮች ትዝታ ብቻ ሆነ። ነጋዴውም ወደ ዱባይና ወደ ቻይና መመላለስ ጀመረ፤ ዱባይ ተራ የሚለው ስም ለዚህ ምስክር ነው። ትናንት የጅማን መንገድ ይተርክ የነበረው አግዳሚ ዛሬ የጓንጁን ገበያ ይተርካል። የጥያቄዎቹ ዓይነት ግን አልተለወጠም፤ የት ይታደራል፣ ማን ይታመናል፣ ምን ይበላል የሚሉት ናቸው።

፭. ስለ መልካም መጠጥ

ስለ መጠጥ የሚደረገውን ጨዋታ እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም። ጠላ ለመጥመቅ ገብሱ ይቈላል፤ ብቅሉ ይበቅላል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ ጥንስሱ ከተጠነሰሰ በኋላ እንኩሮ ይጨመራል፤ ድፍድፉ ታሽጎ ይሰነብታል። መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ነው፤ በላዩ ውሃ እየተጨመረ በመጨረሻ ቅራሪ ይሆናል። ጠጁም ከማርና ከጌሾ ተጥሎ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ይባላል። ጠላ በመቶ ከ2 እስከ 6፣ ጠጅ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 የሚደርስ የአልኮል መጠን አለው። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ማታለል ይቻላል። ቅራሪውን ጠላ ነው ብሎ መሸጥ፣ በማር ፈንታ ስኳር መጣል፣ ቀለም መጨመር የታወቀ ነው።

በዚህ ነገር ላይ የቆመ መርማሪ መሥሪያ ቤት በሌለበት ዘመን መርማሪው ጠጪው ራሱ ነበር። «የዛሬው ጌሾ በዝቶበታል»፣ «ይህ ማር የነካው አይደለም» ተብሎ በአንድ ቤት የተነገረው ቃል በማግሥቱ በተራው ሁሉ ይዳረሳል። ቤቱ ደንበኛ ያጣል ወይም ያገኛል። ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ አንቈርቍሮ አስቀድሞ የሚቀምሰው በቀድሞው ግብር ቤት መርዝ የሌለበት መሆኑን ለማሳየት ነበር። በከተማው ጠጅ ቤት ልማዱ እየቀረ ቢሄድም አሳቡ አልቀረም፤ መጠጥ የሚታመነው ሰው ሲመሰክርለት ነው። የሸማውን ጥበብ፣ የበርበሬውን ጥራት፣ የማሩን ንጽሕና በቀን የሚመረምረው ዐይንና ምላስ በማታም ሥራውን አይተውም። ከነጋዴ ጋር መጠጥ መቅመስ ስለዚህ የምዘና ትምህርት ነው።

የፋብሪካ ቢራ የገባው በጠላና በጠጅ መካከል ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1922 በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ሜታ አቦ በሰበታ ተተከለ፤ በኋላም ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሽንና ሐበሻ ተከተሉ። ቢራ በመጀመሪያ የሠለጠነ ሰው መጠጥ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ በጠርሙስ የታሸገ በመሆኑ የጠማቂዋን እጅ ማመን አያስፈልገውም። የጨዋታው መልክ በዚህ ተለወጠ። ጠላ ጠጪ የሚያወዳድረው ሴትን ከሴት፣ ቤትን ከቤት ነበር፤ ቢራ ጠጪ ግን ስምን ከስም ያወዳድራል። ጃምቦ ድራፍት ይዞ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው የሚያስበልጠው ወጣት ጠማቂውን አያውቀውም። በዚህ ምክንያት የጠጪው ወሬ የነበረውን የዳኝነት ኃይል በከፊል ለማስታወቂያ አስረክቧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ በከለከለ ጊዜ የመጠጡ ምስጋናና ነቀፋ እንደገና ወደ ሰው አፍ ተመለሰ።

መጠጥ ቤት ጉዳት አላመጣም ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይገነዘባል። የደመወዝ ቀን ያለቀ ገንዘብ፣ በስካር የተነሣ ጠብ፣ ቤት ጠባቂ ያጡ ልጆች የዚሁ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ቤቶቹን የያዙት ሴቶችም ከጠጪዎች የደረሰባቸው በደል ቀላል አይደለም። ጥቅሙን የሚጽፍ ሰው ጉዳቱን ቢሸሽግ ሥራው ጥናት መሆኑ ይቀርና ምስጋና ይሆናል።

፮. የማይጠጡት ሰዎች

መርካቶ የእስላሞችም ገበያ ነው። በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚነግዱት የጉራጌ፣ የስልጤና የሐረሪ ተወላጆች፣ ቀድሞም በየመንደሩ ሱቅ የነበራቸው የየመን ዐረቦች መጠጥ ቤት አይገቡም። ጨዋታቸው በሻይ ቤት፣ በቡና ቤትና በጫት መቀመጫ ነበር። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የተገለጹት ሦስት ርእሶች፣ ሙያና መንገድ የጣዕም ምዘናም፣ በእነዚህም ስፍራዎች እንደዚሁ ይነሣሉ፤ የሚመዘነው ብቻ ቡናው ወይም ጫቱ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታውን የፈጠረው አልኮል አይደለም። የፈጠረው የተራው ጉርብትና፣ የዱቤ ንግድና የመንገድ ናፍቆት ነው። ክርስቲያንና እስላም ነጋዴዎች በአንድ እቁብ ሲገቡ ስብሰባው በሻይ ቤት ወይም በሱቅ በረንዳ መደረጉ በመጠጥ የተለያዩት ሁለቱ የጨዋታ ዓለሞች እንዴት እንደ ተገናኙ ያሳያል።

፯. ከሰዓት እላፊ እስከ ስልክ

ከአብዮቱ በኋላ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ተደንግጎ ነበር። ማታ የነበረው ጨዋታ ወደ ቀትርና ወደ ግቢ ውስጥ ገባ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ብዙ የንግድ ቤቶችን ወደ መንግሥትና ወደ ቀበሌ አዛወረ። ሰውም በማያውቀው ሰው ፊት መናገርን ፈራ። የማይፈራበት አርእስት ስለ ሙያ፣ ስለ መንገድና ስለ መጠጥ ብቻ ሆነ ማለት ይቻላል። በዚያ ክፉ ዘመን ተራ የሚመስለው ወሬ ጨዋታን ከመጥፋት ያዳነ መጠለያ ነበር።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገቡ። ነገር ግን የመርካቶ ሰው በስልኩ በአማርኛ መጫወት ከመቻሉ አስቀድሞ ሌላ ጨዋታ ተደርጎ ነበር። በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቈጣጠር በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩ የኮምፒዩተር ዐዋቂ ኢትዮጵያውያን በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ እየተገናኙ ፊደላችንን በመሣሪያው ለመጻፍ ይመክሩ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት መወከል የሚቻልበትን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አወጡ። በ1999 በፈረንጅ አቈጣጠር የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መለያ ሦስተኛ እትም ገባ። ከተራራቀ አገር ሆነው ይህን ለመሰለ ሥራ ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩና ዛሬ እያንዳንዱ ስልክ የእኛን ፊደል ያውቃል።

በአሁኑ ጊዜ በመርካቶ ስልክና ኮምፒዩተር የሚጠግኑ ወጣቶች ከምናለሽ ተራ ባለሙያ ጋር አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከሁለት የተሰበሩ መሣሪያዎች አንድ የሚሠራ ያወጣሉ። በቴሌግራም ቡድኖች ተሰብስበው ስለ ብልሃታቸው ይከራከራሉ፤ የት ሥራ እንዳለ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ አውሮፓ እንዴት እንደሚኬድ፣ የትኛው ቢራ እንደሚሻል ይጫወታሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ በስልክ መላክ ስለሚቻል የሚተዋወቁት ብቻ ሳይሆኑ ፊት ለፊት ያልተያዩትም ይገበያያሉ።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በአግዳሚው ላይ የተነገረ ቃል ዋስ ነበረው፤ ተናጋሪው በማግሥቱ በዚያው ተራ ይገኛልና። በእህል በረንዳ ደላላ በሌለ ጽሑፍ ታላቅ ገንዘብ ያንቀሳቅስ የነበረው ውሸቱ በአንድ ቀን ስለሚታወቅበት ነው። በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲከፈት ይህን የሰው ዋስትና በመጋዘን ደረሰኝና በሕግ ለመተካት ተሞክሯል። በስልክ ቡድን ውስጥ ግን ሕጉም አግዳሚውም ሙሉ በሙሉ የሉም። ስሙን ለውጦ የሚገባ ሰው አታሎ ይወጣል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለው ተረት ከዚህ በፊት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

ከላይ የተነገረውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ በመርካቶ የነበረው ሥርዓት የለሽ ጨዋታ ሦስት ሥራ ሠርቷል። መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ለሌለው ሙያ ትምህርት ቤት ሆኗል። ሁለተኛ፣ መንገድ ለማያውቅ ሰው ካርታ፣ መንገድ ለሌለው አገር ደግሞ የመንገድ ሥራ መነሻ ሆኗል። ሦስተኛ፣ መጠጥን በመመዘን ሰበብ የሰውን ቃልና እጅ የሚመዝን ዳኛ ሆኗል። እቁብና እድር የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ ሰው አስቀድሞ ከተጫወተው ጋር እንጂ ከማያውቀው ጋር ዕጣ አይጥልም።

አዲስ አበባ ዛሬ በፍጥነት እየተለወጠች ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። ፎቅ ሲሠራ ሱቁ በሌላ ሱቅ ይተካል፤ የተደፋ ጣሳ በደጇ ያቆመችው ሴት ግን በፕላኑ ላይ ስፍራ አይታይላትም። ስለ ቤት ካሳ የሚጽፈው መዝገብ በዚያ ቤት የተቀመጠውን አደራ፣ ዱቤና ወሬ ሊቈጥር አይችልም።

ስለዚህ ለከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚቀር ሥራ አለ። የቤቶቹ ባለቤቶች የነበሩት እናቶች፣ የአሰብን መንገድ ያወቁ ሾፌሮች፣ ከሊስትሮነት ተነሥተው ባለሱቅ የሆኑ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ሳሉ ትረካቸው በድምፅ ሊቀረጽ ይገባል። የጠማቂዎቹ ቃላት፣ የደላሎቹ የምልክት ቋንቋ፣ የየተራው የቀልድ ስሞች በየሙያው ሊሰበሰቡ ይገባል። የወጣቶቹም የስልክ ቡድን ቢሆን በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ የማንም ስም ሳይገለጥ፣ ቢጠና ከሰባ ዓመት በፊት በአግዳሚ ላይ ከነበረው ጋር ማወዳደር ይቻላል። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ የሚጠይቀው ተቀምጦ ማዳመጥን ነው።